ፈረደ አክሉም፦ ጠመንጃ ሳይዙ የዘመቱት መምህር

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ኔትፍሊክስ ስለ ቀይ ባሕሩ የሞሳድ መዝናኛ መንደር የተሠራውን ፊልም ለቀቀ። በፊልሙ ውስጥ ከበደ ቢምሮ የሚባል ሰው አለ፤ ስደተኞቹን እየመራ የሚያሻግር የእነሱው ወገን ነው። የተጫወተው አሜሪካዊው ተዋናይ ማይክል ኬ. ዊሊያምስ ነበር። ታዲያ ፊልሙን ያየ ወጣት አባቱን ወይም አያቱን «ይሄ ከበደ ማነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አጭር ነው። ከበደ ቢምሮ የሚባል ሰው አልነበረም። የነበሩት ፈረደ ያዘዘው አክሉም የሚባሉ የትግራይ መምህር ናቸው።

ስሙን መቀየሩ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ፊልሙ መምህሩንና የመዝናኛውን መንደር አንድ ላይ አድርጎ ያሳያል፤ ጠላቂዎቹ፣ ጀልባዎቹ፣ ቱሪስቶቹ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሞሳድ ጣሊያኖች ሠርተውት የነበረውን የአሩስን መንደር ተከራይቶ ሥራ ሲጀምር አቶ ፈረደ ሱዳንን ለቀው ወጥተው ነበር። እሳቸው በሠሩበት ጊዜ የባሕር ዳርቻም፣ ሆቴልም፣ የባሕር ኃይል ጀልባም አልነበረም። የነበረው የካርቱም ሙቀት፣ የስደተኛ ወረቀትና በእግር የሚላክ መልእክት ነው። ዋናው ነገር የተጀመረውም በዚያ ነው።

ሽማግሌዎች ይህን ያውቃሉ። ብዙዎቹ መልእክቱ የደረሳቸው ሰዎች ናቸውና።

አቶ ፈረደ የተወለዱት በ1940ዎቹ መጨረሻ በትግራይ፣ በሽሬ አካባቢ ነው። የትግራይ ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደሮቹ ይልቅ ቁጥራቸው ያነሰ፣ ቋንቋቸው ትግርኛ፣ መንደሮቻቸውም የተራራቁ ነበሩ። እንደ ሌላው ወገናቸው ርስት የሌላቸው፣ በሰው መሬት የሚያርሱ፣ በብረት ሥራና በሸክላ የሚተዳደሩ፣ በገበያ «ቡዳ» እየተባሉ የሚታሙ ነበሩ። በዚያ ዘመን ከእንዲህ ያለ ቤት ልጅን ከእርሻና ከከብት አውጥቶ ወደ ከተማ ትምህርት ቤት መላክ ለአባት ቀላል ነገር አልነበረም። አንድ ጉልበት ከቤት ይጎድላል። ልጁም ከተማ ሲገባ ማንነቱን ገልጦ እንደ ልቡ አይኖርም።

ልጁ ግን ተማረ፣ መምህርም ሆነ። መምህር ማለት በዚያ ጊዜ በገጠር ትልቅ ሰው ነው። ደብዳቤ ይጽፋል፣ ደብዳቤ ያነባል፣ የመንግሥት ሰው ሲመጣ ያናግራል። ይህ ሙያ ኋላ ሱዳን ላይ የሚሠራውን ሥራ ማን ያውቅ ነበር?

የ1974ቱ አብዮት መጣ። በትግራይ ደርግ፣ ኢዲዩና ሕወሓት በአንድ አገር ላይ ተፋጁ። ይሁዲው መንደር ከሁሉም ወገን ተጠርጣሪ ሆነ። በእስራኤል በኩል ደግሞ ነገሩ ተቀይሮ ነበር። በ1973 ሊቀ ራቢው ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል ይሁዲ ናቸው ብለው ወሰኑ፤ በ1975 መንግሥት የመመለስ ሕጉ እንዲሠራላቸው ፈቀደ። በ1977 መናሔም ቤጊን ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ የሞሳዱን ኃላፊ ይጽሐቅ ሆፊን የኢትዮጵያን ይሁዶች እንዲያመጡ አዘዙ። በዚያው ዓመት ከደርግ ጋር በተደረገ የጦር መሣሪያ ስምምነት ወደ 120 የሚሆኑ ሰዎች በሁለት አውሮፕላን ወጡ። በየካቲት 1978 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሞሼ ዳያን ስምምነቱን ለጋዜጠኛ ስለተናገሩ በሩ ተዘጋ። አንድ ቃል፣ አንድ በር። የሄዱት ሄዱ፣ የቀሩት ቀሩ።

አቶ ፈረደ ከቀሩት ውስጥ ነበሩ። ለወገናቸው በሚያደርጉት እንቅስቃሴ የተነሳ በደርግ ሰዎች ይፈለጉ ነበርና ወደ ሱዳን ሸሹ። ሠላሳ ዓመት ገደማቸው ነበር።

የካርቱሙ ደብዳቤ

ካርቱም ላይ አንድ ስደተኛ ምን ያደርጋል? የቀን ሥራ ይፈልጋል፣ የተባበሩት መንግሥታትን የስደተኞች ቢሮ ይጠብቃል፣ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ አሜሪካ የሚልከው ሰው ይፈልጋል። አቶ ፈረደ ደብዳቤ ጻፉ። ለአንድ ሳይሆን ለብዙ ድርጅት ጻፉ፤ ወደ እስራኤል የሚወስደኝን ትኬት ላኩልኝ ነው ነገሩ። ሱዳን የአረብ ሊግ አባል አገር መሆኗን፣ እስራኤል የሚለውን ስም በፖስታ ላይ መጻፍ ምን ሊያመጣ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ድፍረቱን ይገባዋል።

ከደብዳቤዎቹ አንዱ ሞሳድ እጅ ገባ። ጸሐፊውን ፈልጎ እንዲያገኝ የተላከው ዳኒ ሊሞር የሚባለው ሰው ነው። በሚሊዮን በሚቆጠር ሕዝብ መካከል፣ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ በሞላበት ከተማ፣ አንድን ሰው በስሙ ብቻ መፈለግ ነበረበት። ፈልጎም አገኘው። ሁለቱ ከዚያ በኋላ አብረው በመኪና የስደተኛ ሰፈሮችን እየዞሩ ይሁዲ መፈለግ ጀመሩ።

እዚህ ላይ ፊልሙም ብዙው ጽሑፍም በችኮላ የሚያልፈው ነገር አለ። በመጀመሪያ ይሁዲ የሚባል በብዛት አልተገኘም። በሱዳን የነበረው ስደተኛ ብዙው ኤርትራዊ፣ ትግሬና አማራ ክርስቲያን ወይም እስላም ነበር። ከይሁዲው የተሻገሩት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ፤ የተሻገሩትም ማንነታቸውን ደብቀው ነበር። በዚህ ጊዜ ሥራው ባዶ ሆኖ ሊዘጋ ይችል ነበር። ደብዳቤውን የጻፉት ሰው ትኬታቸውን ይዘው መሄድ ይችሉ ነበር፤ ለምነውትም የነበረው እሱኑ ነው።

እሳቸው ግን ቆዩ። ሰው ከሌለ ሰው እንዲመጣ መጥራት ነው አሉ። ወደ ትግራይ፣ ወደየመንደሩ መልእክት ተላከ። ነገሩ ባጭሩ የኢየሩሳሌም መንገድ በሱዳን በኩል ነው፣ ኑ የሚል ነበር። መልእክቱን የያዙት የአገሩን ጫካና ወንዝ የሚያውቁ፣ በሌሊት የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ሬዲዮ የለ፣ ስልክ የለ። የሚታመነው መልእክቱ ሳይሆን ላኪው ነው። «ማን ላከው?» ይባላል። የእገሌ ልጅ፣ መምህሩ። አባቱን እናውቃለን፣ እናቱን እናውቃለን፣ ቤታቸውን እናውቃለን። አንድ የሞሳድ ሰው፣ ምንም ያህል ብልህ ቢሆን፣ በሽሬና በወልቃይት መንደር ቆሞ «ቤታችሁን ጥላችሁ ውጡ» ቢል ማን ይሰማው ነበር? ከብት ሽጦ፣ እህል ትቶ፣ አሮጊት በአህያ ጭኖ ለመውጣት የሥጋ ዘመድ ቃል ያስፈልጋል።

ስለ አቶ ፈረደ «ለቤተሰቡ ያደረ ሰው» ሲባል ትርጉሙን ከዚህ መጀመር ይሻላል። ቤተሰብ ማለት በዚያ አገር ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ብቻ አይደለም። እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠር ነው። ደም ሲቆጠር አንዱ መንደር ከሌላው ጋር ይጋባል፣ ሌላውም ከሌላው። መልእክቱ የሄደው በዚሁ የዝምድና መስመር ነው፤ በፖስታ ቤት ቢሄድ አይደርስም ነበር። በመጀመሪያ በብዛት የመጡትም ለዚህ ነው ከትግራይና ከወልቃይት የሆኑት። ጎንደሬው በኋላ ተከተለ።

ደስታውና ዕዳው

የመጀመሪያዎቹ በጥቂት በጥቂቱ ወጡ። እንደ ማንኛውም ስደተኛ ወረቀት ተዘጋጅቶላቸው ከካርቱም ወደ አውሮፓ ይበራሉ፣ ከዚያ ወደ ቤን ጉሪዮን። የመጣው ሰው ግን ከሚወጣው እየበዛ ሄደ። የሱዳን የጸጥታ ሰዎችም ጠረጠሩ። አቶ ፈረደ እየተፈለጉ መሆናቸው ሲታወቅ በ1980 ከሱዳን እንዲወጡ ተደረገ፤ እስራኤል ገቡ። ከእሳቸው በኋላ ሥራውን ሌሎች የማኅበረሰቡ ልጆች ያዙት፤ ሽማግሌዎች «ኮሚቴ» እያሉ የሚያስታውሷቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ብዙ ጊዜ የተነገረ ነው። ጀልባው፣ በ1982 የተጀመረው የበረሃው የሄርኩለስ አውሮፕላን፣ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 5 ቀን 1985 በብራስልስ በኩል ሺዎችን ያመጣው የሙሴ ዘመቻ፣ ወሬው ወጥቶ ሲቋረጥ በመጋቢት 1985 አሜሪካኖች ወደ 500 የሚሆኑትን ያነሱበት፣ በመጨረሻም በግንቦት 1991 በ36 ሰዓት ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ የመጣበት የሰሎሞን ዘመቻ። ይህ ሁሉ ስም አለው፣ ቀን አለው፣ በትምህርት ቤት ይነገራል።

የማይቀለው ሌላው ነው። በመንገድና በሱዳን ሰፈሮች 4,000 ገደማ ሰው አልቋል። ብዙዎቹ ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። ሽፍታው፣ ጥማቱ፣ ከዚያም ኡም ራኩባ፣ ከዚያም ገዳሪፍ። ወባ፣ ኩፍኝ፣ ተቅማጥ። ሰው ሲሞት ጮኾ ማልቀስ አይቻልም፤ ይሁዲ መሆን ይታወቃል። በሌሊት ይቀበራል። ሴቶቹ ዓርብ ማታ ጎረቤት እንዳይጠረጥር ባዶ ድስት ጥደው ጭስ ያስነሱ እንደነበር የነበረ ያውቀዋል። ከአንድ ቤት ስምንት ሆነው ወጥተው አራት ሆነው የገቡ አሉ። ማንንም ሳያስገቡ ብቻቸውን የገቡ አሉ።

ታዲያ ጥያቄው ይነሳል፤ በለቅሶ ቤት፣ በተስካር ቤት፣ ቡና ላይ በዝግታ የሚነሳ ነው። ያ መልእክት ባይላክ ኖሮስ? «ኑ» ያለው ሰው ስለቀሩት ምን ይላል?

ይህን ጥያቄ ከአቶ ፈረደ ሕይወት ላይ አውጥቶ መጣል ሰውየውን ማሳነስ ነው። ሐውልት ያደርጋቸዋል እንጂ ሰው አያደርጋቸውም። እሳቸው በላኩት ቃል የተነሱት ባዕዳን ሳይሆኑ የሚያውቋቸው፣ አብረው ያደጉ፣ የጎረቤት ልጆች ናቸው። አዛዥ ወታደሮቹን ከየትም ይሰበስባል፤ ይህ መምህር ግን የጠራው የራሱን ዘመድ ነው። በጦር ሜዳ የቆየ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። የተረፈ ሰው ደስታውን ብቻ ይዞ አይኖርም።

ሆኖም መልሱ ከሄዱት ሰዎች አፍ ቢሰማ ይሻላል፤ የሄዱት ደግሞ ተጎትተን ሄድን አይሉም። ኢየሩሳሌምን የመሻት ነገር በ1979 የተፈጠረ አይደለም። በ1862 አባ መሃሪ የሚባሉት መነኩሴ ሕዝቡን አስነስተው ወደ ቀይ ባሕር፣ ወደ ኢየሩሳሌም ጉዞ ጀምረው ነበር። መንገዱ ሳያልቅ በረሃብና በበሽታ ብዙው አለቀ፣ የቀረው ተመለሰ። ያ ታሪክ በየቤቱ ይነገር ነበር። እንዲያም ሆኖ በየዓመቱ ሲግድ ሲመጣ ሕዝቡ ተራራ ወጥቶ ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም አዞረ። ጥማቱ ነበር። የጎደለው መንገዱ ተከፍቷል የሚል የታመነ ሰው ነበር። አባ መሃሪ በር ሳይኖር ጠሩ፤ አቶ ፈረደ በር መኖሩን አይተው ጠሩ። ልዩነቱ ይሄ ነው፣ ትንሽ ልዩነትም አይደለም።

ወታደር የሚባለው ማን ነው?

በእስራኤል ሠራዊት ያገለገለ ሰው የሚያሳየው ነገር አለው። የጦር ክፍሉ ስም፣ የተመዘገበ ቁጥር፣ የጓደኞቹ ፎቶ። ልጆቹም አባታችን እዚህ ተዋጋ ይላሉ። የሱዳን ሰዎች ይህ የላቸውም። የሠሩት በምስጢር ነው፤ ምስጢር ስለነበረም ለሚስት አይነገርም፣ ለልጅ አይነገርም። የታሰሩ፣ የተገረፉ፣ ጤናቸውን ያጡ ነበሩ። እስራኤል ከገቡ በኋላም ለብዙ ዓመት ዝም አሉ፤ ገሚሱ ማንም አልጠየቀኝም ብሎ፣ ገሚሱ አትናገር ተብዬ ነበር ብሎ። በጽዮን ምክንያት የታሰሩትን የሚመለከተው «አሲሬ ጽዮን» የሚለው መዓርግ በሕግ አለ፤ ግን ወረቀት ይጠይቃል፣ ምስክር ይጠይቃል። በሱዳን እስር ቤት የታሰረ ሰው ከየት ወረቀት ያመጣል?

ልጆቹ በፋብሪካ ወይም በጥበቃ ሥራ የሚደክም፣ ዕብራይስጡ የሚሰበር አባት አዩ። የትምህርት ቤት ደብዳቤ ሲመጣ ልጁ ለአባቱ ያነባል። እንደ አቶ ፈረደ ያለው፣ በአገሩ ለመንደሩ ሁሉ ደብዳቤ ያነብ የነበረ መምህርም ዕብራይስጥን ከፊደል ጀምሮ መማር ነበረበት። ይህ መገልበጥ በብዙ ቤት ደርሷል። ልጅ አባቱን ሲያሳንስ ሁልጊዜ ክፋት አይደለም፤ ያልተነገረውን ከየት ያውቃል?

አቶ ፈረደ በቤር ሼቫ ኖሩ። ሲግድ በሕግ የአገሪቱ በዓል ሆኖ በክኔሴት የጸደቀው በ2008 ነው፤ ያንን ለማየት ደረሱ። ፊልሙን አላዩም፤ ሊወጣ አሥር ዓመት ሲቀረው ዐረፉ። የቢቢሲው ጋዜጠኛ ራፊ በርግ በ2020 ስለዚያ ዘመቻ በጻፈው መጽሐፍ ስማቸውና ሥራቸው በሰፊው ተነግሯል፤ እሱንም አላዩም። አሁን ስማቸው በዕብራይስጥም በእንግሊዝኛም ይጻፋል። ብዙ ጊዜ ግን «የሞሳድ ተባባሪ» ተብለው ነው። ነገሩ በሌላ በኩል ቢታይስ? ደብዳቤውን ቀድሞ የጻፈው ማነው? ሰው የለም ሲባል ሰው የጠራው ማነው? ማን ለማን ተባበረ? ይህን ማለት የሞሳድ ሰዎችን ድካም መካድ አይደለም። ዳኒ ሊሞርም ጓደኞቹም ሕይወታቸውን ሰጥተው ሠርተዋል። ፊልሙ ግን የቤቱን ባለቤት እንግዳ አድርጎ አስቀመጠው።

በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን፣ በኢያር 28፣ በሄርጸል ተራራ በሱዳን መንገድ ለቀሩት መታሰቢያ ይደረጋል። ቄሶች ይጸልያሉ፣ የመንግሥት ሰዎች ይናገራሉ፣ ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው ይቀመጣሉ። በዚያ የሚታሰቡት የሞቱት ናቸው፤ ተገቢ ነው። መንገዱን የከፈቱትና የመሩት፣ ተርፈው እስራኤል ገብተው በኋላ በየከተማው አንድ በአንድ የሚያልፉት ግን የየራሳቸው ቤተሰብ በተስካራቸው ቀን ብቻ ያስባቸዋል። እንጀራው ይጋገራል፣ ቄሱ ይመጣሉ፣ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ብዙ ጊዜ ታሪኩ ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ የሚወጣው። «ለካ እኔን ያሻገረኝ እሱ ነው» የሚል ከማዕዘን ይነሳል። ልጆቹ አባታቸውን ከተቀበረ በኋላ ያውቁታል።

የአቶ ፈረደን መልእክት ይዘው ወደ ትግራይ የተመለሱት ሰዎችም ከእነዚህ ናቸው። እነሱ ባይሄዱ ደብዳቤውም፣ የካርቱሙም ስብሰባ ከንቱ ነበር። የሸሹትን ድንበር ተመልሰው መሻገር ነበረባቸው፤ በአንድ በኩል ደርግ፣ በሌላ በኩል አማፂ፣ በመካከል ሽፍታ። መንደር ገብተው ቃሉን ነግረው እንደገና ሰው እየመሩ ይመለሳሉ። የመሩት ሰው ቁጥር በየትኛውም መዝገብ የለም። ዛሬ በሕይወት ያሉት አርጅተዋል።

አቶ ፈረደ ያረፉት በጥር 2009 ነው፤ ወደ ስድሳ ዓመታቸው ነበር። ሞት ያገኛቸው በጉዞ ላይ፣ አዲስ አበባ ነበር። በሠላሳ ዓመታቸው ሸሽተው የወጡበት አገር ማለት ነው። አስከሬናቸው ወደ እስራኤል መጥቶ በቤር ሼቫ ተቀበረ። ካርቱም ላይ ለራሳቸው የለመኑት መንገድ፣ ለሌሎች ብለው ያቆዩት፣ በመጨረሻ አንድ ጊዜ እንደገና ተሄደ፤ ያን ጊዜ በግልጽ፣ በቀን፣ ማንም ሳይደበቅ።